ያልተረጎምኩት ቃል

አባቴ ሽንቱ ቀልቶ ማየት ከጀመረ ሦስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። እኛ ግን አናውቅም ነበር። ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን፣ ከእሱ ቀጥዬ መጸዳጃ ቤት ስገባ ውሃው ቀይ ሆኖ አየሁት።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቀይ ሥር ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ።

ዐቢይ ጾም ነበር። ገበታችን ላይ ቀይ ሥር ከድንች ጋር በየቀኑ ይቀርባል። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ እንደሚችል ደግሞ እውነት ነው። ስለዚህ አመንኩት። ፋሲካ ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮ ወጡም ተበላ። ሽንቱ ግን እንደቀላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ተቀየረና «ብርድ ነው» ሆነ። ተልባም ጠጣበት።

«ያምሃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምንም አያመኝም። የማያም ነገር ደግሞ በሽታ ነው እንዴ?»

ይህን እናንተም ቤት ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙዎቻችን በሽታን የምናውቀው በሕመሙ ነው። በኋላ ከሐኪሙ እንደተረዳሁት ግን ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። ደም የቀላቀለ ሽንት ሕመም ከሌለው፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ፣ ሐኪሞችን ይበልጥ ያሳስባቸዋል።

አባቴ የደበቀን ስለፈራ ብቻ አይመስለኝም። የ71 ዓመት ሰው ነው። የልጁ ሚስትና የልጅ ልጆቹ ባሉበት ቤት ስለ ሽንት ማውራት ነውር ሆኖበታል። የግድ ሲሆንበትም «ሽንት» አይልም፤ «ውሃ ሽንት» ይላል፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ነርሷ «አስተርጓሚ ያስፈልጋችኋል? በስልክ ወይም በቪዲዮ በነፃ እናቀርባለን» አለችን። እኔ «አያስፈልግም፣ ልጁ ነኝ» አልኩ። ያለ ምንም ማመንታት ነው ያልኩት። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራውም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ደግሞ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ነው። ሌላ ሰው ምን ያደርግልናል?

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተያዝኩ። ሐኪሙ ስለ ሽንት ማጠራቀሚያው የሰውነት ክፍል ሲያወራ፣ ያ ክፍል በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። «የሽንት ከረጢት» አልኩ።

አባቴ ሳቀብኝ። «ፊኛ በል እንጂ! እኛ ልጆች ሆነን በሬ ሲታረድ ፊኛውን እየነፋን እንጫወትበት ነበር።»

ለእኔ ፊኛ ማለት ልደት ላይ የሚሰቀለው ነበር። የሽንት ፊኛ የሚባል ነገር በራሴ ሆድ ውስጥ መኖሩን በአማርኛ የተማርኩት በዚያ ዕለት ነው።

ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። ሲጋራ ያጨሳል? አያጨስም። ሥራው ምን ነበር? አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ መለሰ፤ «ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል፣ 22 ዓመት።» ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ መጻፉን አቆመና ቀና አለ። የትኞቹን ቀለሞች እንደነካ ጠየቀ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ ምክንያቱን ነገረኝ። ድሮ ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚውሉ አንዳንድ ቀለሞች ቤንዚዲን ከሚባል ኬሚካል ይሠሩ ነበር። ቤንዚዲን የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። በሽታው የሚታየውም ሰውየው ሥራውን ከተወ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውን ተርጉሜለታለሁ። የተጠየቀበትን ምክንያት ግን አልተረጎምኩለትም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በሽንት ማስወጫው በኩል ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገባ። የፊኛውን ውስጥ ሦስታችንም በስክሪን አየነው። አብዛኛው ግድግዳ ለስላሳና ሮዝ ነው። በአንድ በኩል ግን ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ከፍ ያለ፣ ሲነካ የሚደማ ቦታ አለ። ሐኪሙ በእርጋታ ተናገረ፦ ካንሰር ይመስላል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን በማደንዘዣ ቦታውን ቆርጦ ማውጣትና ናሙናውን ማስመርመር ያስፈልጋል።

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ምን አለ?»

«ትንሽ ቁስል ናት አለ። ቆርጠው ያዩዋታል።»

ማታ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩላት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ «አደራህን አትንገረው። በወሬው ይሞታል» አለችኝ።

እዚህ ላይ እህቴን እንዳትፈርዱባት። በእኛ ባህል ክፉ ዜና ዝም ተብሎ አይወረወርም። የሰው ሞት እንኳን መርዶ ተብሎ በወግ ነው የሚነገረው፤ ብዙ ጊዜ ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ሆኖ። የታመመን ሰው ከከባድ ቃል መሸፈን ውሸት ተደርጎ አይቆጠርም፤ እንደ ፍቅር ነው የሚታየው። እኔም ፍቅር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ነገር ግን አባቴ ለቀዶ ሕክምናው የፈረመው ምን እንደሚፈለግ ሳይነገረው ነው። ወረቀቱን የዘረጋሁለትና የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ውጤቱ እስኪመጣ 12 ቀን ጠበቅን። አባቴ እንደ ወትሮው ጠዋት ጸሎቱን ያደርሳል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ዜና ያዳምጣል። እኔ ሌሊቱን ስለ ፊኛ ካንሰር ሳነብ አድራለሁ።

በ12ኛው ቀን ሐኪሙ ደወለ። «ካንሰር አይደለም» አለኝ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቢሮ ውስጥ ጮህኩ። እሱ ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። «ሌላ ነገር አግኝተናል። አሚሎይድ ይባላል።»

ያ ቀን ስለ አሚሎይድ ያለኝ እውቀት ከአባቴ አይበልጥም ነበር። አሁን የገባኝን ያህል ላስረዳችሁ።

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚባሉ ነገሮችን ያለማቋረጥ ይሠራል። አንድ ፕሮቲን እንደ ረጅም ክር ነው። ሥራውን የሚሠራው በትክክለኛው ቅርጽ ሲታጠፍ ብቻ ነው። አንዳንዴ አጥፉ ይሳሳታል። የተሳሳቱት እርስ በርስ ተደራርበው ጠንካራ ጭረት ይሆናሉ፤ ሰውነትም በቀላሉ አያስወግዳቸውም። ይህ ክምችት ነው አሚሎይድ የሚባለው። ልብ ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ ነርቭ ላይ ሊከማች ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ በሽንት መንገድ ብቻ ይወሰናል፤ በፊኛው፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ወይም በሽንት ማስወጫው ላይ። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚገኘው ፊኛ ላይ ነው።

ችግሩ በዓይን ከካንሰር የማይለይ መሆኑ ነው። ሁለቱም ያለ ሕመም ያደማሉ። በካሜራ ሲታዩ ሁለቱም እብጠት ናቸው። በሲቲ ስካንም የግድግዳ መወፈር ሆነው ይታያሉ። በሶፍትዌር ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ብልሽት አውቃለሁ፤ ምልክታቸው አንድ፣ ምክንያታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ። ምልክቱን ብቻ አይተህ ከጠገንክ የማይሆነውን ትነካለህ። በሽንት መንገድ አሚሎይድም ይህ ደርሷል። የላይኛው ቱቦ ላይ ያለው አሚሎይድ ካንሰር ነው ተብሎ ኩላሊታቸው የወጣ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መልሱ ያለው ናሙናው ውስጥ ነው።

ናሙናውም ቢሆን ካልጠየቁት አይናገርም። በተለመደው የላቦራቶሪ ቀለም አሚሎይድ ሮዝ ሆኖ፣ ምንም ቅርጽ የሌለው ነገር መስሎ ነው የሚታየው። መርማሪው «ይህ አሚሎይድ ይሆን?» ብሎ ልዩ ቀለም ማዘዝ አለበት። ያ ቀለም ኮንጎ ቀይ ይባላል። አሚሎይድ ላይ ሲያርፍ ቀይ ይሆናል። ከዚያም ፖላራይዝድ በተባለ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን ሲያዩት፣ ያ ቀዩ ነገር እንደ ፖም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ያ አረንጓዴ ሲታይ አሚሎይድ መሆኑ ይታወቃል።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። በ1854 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ይህን ነገር በአዮዲን ሲነካው እንደ ስታርች ቀለሙ ተቀየረበት። ስለዚህ ስታርች መሳይ ለማለት አሚሎይድ አለው። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1859 ፍሪድራይኽና ኬኩሌ መርምረው ስታርች ሳይሆን ፕሮቲን መሰል ነገር መሆኑን አሳዩ። ስህተቱ ታረመ፣ ስሙ ግን ቀረ።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ቤት የገባሁት የምሥራች ይዤ ነበር። አባቴ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣኝም። «ካንሰር አይደለም» ልለው ነው የመጣሁት። ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል ተብሎ እንደነበር አልነገርኩትም። ክፉውን ዜና ስለከለከልኩት ደጉንም ልሰጠው አልቻልኩም። «ትንሽ ቁስል» ለተባለ ሰው ምን ብለህ ታበሥረዋለህ?

«አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

እስክጨርስ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ «አውቅ ነበር እኮ» አለኝ።

«እንዴት?»

«ሐኪሙ ካንሰር ሲል ሰምቼዋለሁ። ቃሉ እኮ ያው ነው፤ በእንግሊዝኛም ካንሰር፣ በአማርኛም ካንሰር። አንተ ቁስል ስትለኝ እንዳላውቅ እንደፈለግህ ገባኝ። አንተን ላለማስጨነቅ ዝም አልኩ።»

12 ቀን እዚያው ቤት ውስጥ፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ እኔ ከእሱ ደበቅኩ፤ እሱ ከእኔ ደበቀ። ሁለታችንም ለብቻችን ፈራን። ሌሊት እያነበብኩ ሳለሁ የእሱ ክፍል መብራት እንደበራ አይቼ ነበር፤ ጸሎት ላይ ነው ብዬ አለፍኩት። ጸሎት ላይም ነበር። ስለ ምን እንደሚጸልይ ግን አልጠየቅኩም።

የቀረው ጥያቄ ከባድ ነበር። አሚሎይዱ ፊኛው ላይ ብቻ ነው ወይስ መላ ሰውነቱ ውስጥ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ፊኛ ላይ ብቻ ከሆነ ቦታው እየተቆረጠ ይታከማል። መላ ሰውነት ውስጥ ከሆነ ግን ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ለዚህ ወደ ደም በሽታዎች ሐኪም ተላክን። ነርሷ ስለ አስተርጓሚ ስትጠይቅ ወደ አባቴ ዞሬ «ምን ትላለህ?» አልኩት። «ይምጣ» አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች። «ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የሚነገረውን ሁሉ እተረጉምልዎታለሁ። እርስዎም የሚሉትን ሁሉ ለሐኪሟ እነግራለሁ» አለችው። አባቴ ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ሐኪሟ በዝርዝር አስረዳችው። መጀመሪያ የአሚሎይዱ ዓይነት መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም የተለያዩ ፕሮቲኖች አሚሎይድ ይሠራሉ። ናሙናው ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባል፣ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ ተመርምሮ ነበር። የተገኘው ላይት ቼይን የሚባለው ነው። ይህ ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው አንቲቦዲዎች ቁራጭ ነው። በፊኛ ላይ ብቻ የሚወሰነው አሚሎይድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዓይነት ነው። ግን ይኸው ዓይነት መላ ሰውነትንም ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው በዛ። በደሙና በሽንቱ ውስጥ ያልተለመደ ላይት ቼይን መኖሩ ታየ። ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ እንደሆነ ለማወቅ የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቀመ። ልቡ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ተፈተሸ። ከሆዱ ቆዳ ሥር በመርፌ ትንሽ ስብ ተወስዶ እሱም በኮንጎ ቀይ ተቀለመ።

አባቴ እዚህ ላይ አስተርጓሚዋን አቋረጣት። «ኮንጎ ቀይ አለች? የጨርቅ ቀለም እኮ ነው!»

ልክ ነበር። ኮንጎ ቀይን በ1883 የሠራው ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል በቲገር ነው። ዝናው ጥጥን ያለ ሌላ ማያያዣ ነገር በቀጥታ ማቅለሙ ነበር። ገበያ ላይ የወጣው በ1884 እና 1885 የበርሊኑ ጉባኤ ስለ አፍሪካ ሲነጋገር፣ ኮንጎ የሚለው ስም በሰው ሁሉ አፍ በነበረበት ጊዜ ነው። ስሙም ከዚያ መጣ እንጂ ከኮንጎ ምድር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አሚሎይድን እንደሚይዝ ቤንሆልድ የተባለ ሐኪም ያወቀው በ1922 ነው። በዚያ ልዩ ብርሃን የሚሰጠውን ምልክት ደግሞ በ1927 ቤልጅየማዊው ዲቭሪ ገለጸው። ኮንጎ ቀይ ራሱ ከቤንዚዲን የሚሠራ ቀለም ነው። ሐኪሙን ስለ ካንሰር ያሳሰበው ኬሚካልና ካንሰር አለመሆኑን ለማወቅ የረዳው ቀለም ዘመዳሞች ናቸው።

አባቴ ለሐኪሟ ቀለም ጥጥ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ማስረዳት ጀመረ። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመች። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችው። በእኔ ትርጉም ግን እስከዚያ ቀን ድረስ «ደህና ነኝ» እና «አያመኝም» ከማለት በቀር ምንም ሲናገር ሰምታችሁት አታውቁም ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ በቀጥታ ለእሱ ተነገረው። ደሙ ንጹሕ፣ ልቡ ደህና፣ ኩላሊቱ ደህና፣ ስቡም ላይ አሚሎይድ የለም። ፊኛው ላይ ብቻ ነው። ኬሞቴራፒ አያስፈልገውም። ነገር ግን ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ተመልሶ ስለሚመጣ በየጊዜው በካሜራ መታየት አለበት። «እሺ፣ ይመልከቱኝ» አለ አባቴ።

ወደ ውጭ ስንወጣ «ለእህትህ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንተ ቁስል ትላታለህ» አለኝ።

ይህን የጻፍኩት በውጭ ላደጋችሁ፣ አንድ ቀን በእናትና በአባታችሁ ወይም በአያቶቻችሁና በሐኪም መካከል ለምትቀመጡት ነው። ያ ቀን ሳይመጣ እንዳይቀር። ስለዚህ ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ጠይቁ። «ውሃ ሽንትዎ ቀለሙ ተቀይሯል?» የሚል ጥያቄ ነውር አይደለም። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠራል። ካልጠራ፣ ባያምም ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ተቀበሉ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚ መቀበል የእናንተ አማርኛ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የእኔ አማርኛ ለዚያ ክፍል በቂ ነበር፤ ያልበቃው አንጀቴ ነው። አስተርጓሚ ሲኖር እናንተ እጅ ለመያዝ ነፃ ትሆናላችሁ።

ሦስተኛ፣ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ክፉ ነገር ቢሆን ማወቅ ትፈልጋለህ? ማን ይንገርህ?» በሉ። አንዳንድ ወላጅ «ለእኔ አትንገሩኝ፣ እናንተ ጨርሱት» ይላል። ያም መብቱ ነው። የእኔ ስህተት ለአባቴ አለመንገሬ ብቻ አልነበረም። ምን እንደሚፈልግ ሳልጠይቀው በእሱ ቦታ መወሰኔ ነው።

ባለፈው ወር አባቴ ለክትትል ሄዶ ነበር። እኔ ሥራ ስለነበረኝ ባለቤቴ ናት ያደረሰችው። ማታ ስገባ «እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ተመልሷል። በሚቀጥለው ወር ይቆርጡታል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ልጆቹም እዚያው ነበሩ።